ሆዴን የሚያስተዳድሩት እትዬ ንግሥቴ

በዚህ አገር ሊቀ መንበር የሌለው ቀበሌ ሊኖር ይችላል፤ ሆድ ለኪ የሌለው ሰፈር ግን የለም። ውኃ ሳምንት ቢጠፋ፣ መብራት ቢሄድ፣ መንገዱን ክረምት ጭቃ ቢውጠው ማንም አይገረምም። አንዲት ሴት ቀሚሷ ወገቧ ላይ ትንሽ ያዝ ካደረጋት ግን፣ አንዲት እናት ከየት መጡ ሳይባል ብቅ ብለው ከላይ እስከ ታች ያይዋታል፣ አንገታቸውን ዘንበል ያደርጋሉ፣ ከዚያ ወሩን ይናገራሉ። ሐኪሙ ሽንት ተቀብሎ፣ ወረፋ አስጠብቆ የሚደርስበትን እሳቸው ከመንገድ ማዶ ሆነው ጨርሰውታል። እናንተም ሰፈር አሉ፤ አትካዱኝ። የእኛዋ ክብርት እትዬ ንግሥቴ ይባላሉ።

እትዬ ንግሥቴ አዋላጅ አይደሉም። ነርስም፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛም አይደሉም። ይህን እሳቸውም አይክዱም። «እኔ ማዋለድ አላውቅም፤ እኔ የማውቀው ማየት ነው» ይላሉ። ቀጥለውም «ይቺ ዓይን ስታ አታውቅም» ብለው ቀኝ ዓይናቸውን በጣታቸው ይነኩላችኋል። እርግጥ አንድ ጊዜ ስታለች። የላይኛው ሰፈሯን አልታዬን አርግዛለች ብለው ለከተማችን ለመካነ ሰላም ሁሉ አበሰሩ፤ አልታዬ ግን ልጇ ኩዌት ከገባች ወዲህ ስለተመቻት ብቻ ነበር የወፈረችው። ዘጠኙ ወር አልፎ ልጅ ሲጠፋ እትዬ ንግሥቴን ጠየቋቸው። «ምን ያስቸኩለዋል?» አሉ። እስከ ዛሬ መሳሳታቸውን ሲያምኑ የሰማ ሰው የለም።

እኔ ሀዲያ እባላለሁ። ከገበያው ወደ ላይ በሚወጣው መንገድ ዳር ልብስ እሰፋለሁ። በሙያዬ እኔም ሰው እለካለሁ፤ የምለካው ግን በሜትር ነው፣ ያውም አስፈቅጄ፣ የለካሁትንም ለገበያተኛ አልናገርም። ብዙ ዓመት ጂዳ በሰው ቤት ሠርቻለሁ። ከማዳሜ ግርፋት አላየሁም፣ ደሞዜንም አልከለከለችኝም፤ እውነቱን መናገር አለብኝ። አንድ ነገር ብቻ ነበረባት። ስበላ ታየኛለች። እጄ ከሳህኑ ወደ አፌ ሲሄድ ዓይኗም አብሮ ይሄዳል። ማቀዝቀዣው ቁልፍ ነበረው፤ ቁልፉ አንገቷ ላይ ነበር። አገሬ የገባሁ ዕለት ከመኪና ወርጄ ቦርሳዬን መሬት ላይ አስቀምጬ ለራሴ ቃል ገባሁ። ከእንግዲህ እኔ ስበላ ማንም አያየኝም፣ ካየኝም ዓይኔን አልሰብርለትም አልኩ። ይህን ቃል ስገባ እትዬ ንግሥቴን ገና አላውቃቸውም ነበር።

አሕመድኑርን ያገባሁት ሠላሳን ካለፍኩ በኋላ ነው። ከደጎሎ ገብስና ስንዴ የሚያመላልስ የጭነት መኪና ሹፌር ነው። ልጅ ቶሎ አልመጣልንም። ሰው ደግሞ መጠየቅ አይታክተውም፤ «ምነው ዝም አላችሁ?» ይሉናል፣ እንደ ተረሳ ዘፈን። በኋላ እኛም መጠበቁን ተውነው።

አንድ ጠዋት መስፊያዬ ላይ ተቀምጬ ሳለሁ እትዬ ንግሥቴ ደጃፌ ላይ ቆሙ። አጭር ናቸው፤ ጋቢያቸውን እስከ ጆሮ ግንዳቸው ተከናንበው ሲቆሙ ከበሩ የሚጋርዱት ግማሹን ብቻ ነው።

«ሀዲያ፣ አፊያ ነሽ?»

«አልሐምዱሊላህ፣ እትዬ።»

«ስንት ወር ሆነሽ?»

«ምኑ?»

«ትናንት በወፍጮ ቤት ስታልፊ የበርበሬው ሽታ ሲመጣ አፍንጫሽን በነጠላሽ ያዝሽ። አንቺ ደግሞ በርበሬ ወዳጅ ነሽ። በይ፣ በሽልም ያውጣሽ።» ይህን ብለው ሄዱ።

ሳቅኩ። ከዚያ መሳቄን አቆምኩ። በማግስቱ ጤና ጣቢያ ሄድኩና ሲስተር የሻለም ምርመራውን አይታ «እንኳን ደስ ያለሽ» አለችኝ። እንባዬ መጣ። በእኛ አገር ነገሩ እስኪገፋ ድረስ ይደበቃል፤ የሰው ዓይን ይፈራል። እኔም አሕመድኑር ሲመለስ ብቻዬን ልነግረው፣ በዚያች ደቂቃ ፊቱ ላይ የሚሆነውን ሁሉ ለራሴ ላስቀር አሰብኩ። አሕመድኑር ግን አባት መሆኑን የሰማው ደጎሎ ላይ ገብስ ሲያስጭን ነው። የነገረው ጫኙ ነው። ለጫኙ የነገረችው እህቱ ናት። ለእህቱ ማን እንደነገራት መጠየቅ አያስፈልግም።

እትዬ ንግሥቴን ልጣላቸው ሄድኩ። «እትዬ፣ እንዴት ለባሌ ሳልነግረው ለገበያ ይነግሩብኛል?» አልኳቸው።

«ታዲያ አንቺ ምን ያዘሽ?» አሉኝ።

ከዚያ የእርግዝና ወራት መጡ። ሰው ስለ እርግዝና ሲያወራ ስለ ሆድ ብቻ ያወራል። ሆድማ ቀላሉ ነው። እኔን የገለበጠኝ ሌላው ነበር። ጉንጬና ግንባሬ ላይ ማድያት ወጣብኝ፣ ፀጉሬ በዛ፣ እግሬ ሰፋና ጫማዬ አልገባ አለኝ። የአንዲት ደንበኛዬን እጅጌ አዙሬ ሰፍቼው ሳገኝ እንደ ሙት አልቃሽ ተንሰቅስቄ አለቀስኩ፤ ደንበኛዬ «ኧረ ግድ የለሽም፣ እንደዚሁ እለብሰዋለሁ» እስክትል ድረስ። የባሰው ግን የናፍጣ ሽታ ነው። አሕመድኑር ናፍጣ ናፍጣ ይሸታል፤ ሹፌር ነው፣ ምን ይሽተት? በፊት የሚያስደስተኝ ሽታ ነበር፣ መጣልኝ ማለት ነበርና። አሁን በሩን ገና ሳያንኳኳ ሆዴ ይገለበጣል። ምስኪኑ ሰውዬ በብርድ ደጅ ላይ እየታጠበ፣ ሳሙና እየጨረሰ፣ በበሩ ቀዳዳ «አሁንስ?» ይለኛል። «አሁንም» እለዋለሁ።

ሲስተር የሻለምን ብጠይቃት «ሆርሞን ነው፤ ሰውነትሽ ለልጁ እየተዘጋጀ ነው፣ ያልፋል» አለችኝ። ይህን ለእትዬ ንግሥቴ በመንገሬ ምን ያህል እንደተጸጸትኩ አትጠይቁኝ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ሆርሞንን ቤቴ እንደ ተከራየ ሰው ቆጠሩት። ጠዋት ሲያልፉ «ሆርሞንሽ እንዴት አደረ?» ይሉኛል። ከደንበኛ ጋር ስጨቃጨቅ ከሰሙኝ «ተያት፣ እሷ አይደለችም፣ ሆርሞኑ ነው» ብለው ያስታርቁናል። አንድ ቀን የጎረቤት ውሻ ሲጮህ ውሎ «ይሄም ሆርሞን ይዞታል» አሉ። እኔ ግን እላችኋለሁ፣ ከተናገርኩት ግማሹን የተናገርኩት ራሴ ነኝ። ሆርሞን ያደረገልኝ ነገር ቢኖር ለዓመታት የዋጥኩትን እንዳልውጥ ማድረጉ ነው።

አሕመድኑርን ግን መላ ያበጁለት እሳቸው ናቸው። ደጅ ላይ ሲንቀጠቀጥ አይተው «አብሽር ልጄ፣ አንተን አይደለም የጠላችው፤ ልብስህን ነው» አሉት። የሥራ ልብሱን እሳቸው ቤት አውልቆ፣ እዚያው ታጥቦ፣ ንጹሕ ልብስ ለብሶ ወደ እኔ እንዲመጣ አደረጉ። ናፍጣ የጠጣው ጃኬት ወራት ሙሉ የእትዬ ንግሥቴ በር ላይ ተሰቅሎ ከረመ። ባል የሞተባቸው ሴት ናቸውና ጉድ የሚሰልል መንገደኛ ብዙ ነገር ጠረጠረ። እሳቸው ምን ገዷቸው።

እስከዚህ ድረስ ብንቆይ ጥሩ ነበር። ማስመለሱ አለፈና ረሃቡ መጣ። እንዲህ ያለ ረሃብ ታውቃላችሁ? ገና ሳልጨርስ የሚቀጥለው ያምረኛል። ቅንጬ፣ በሶ፣ የተቀቀለ ድንች በሚጥሚጣ፣ ባቄላ፣ ወተት፣ ሙዝ። ፊቴ ሞላ፣ ክንዴ ሞላ፣ የራሴን ቀሚሶች እየፈታሁ እንደገና ሰፋሁ። በመስታወት ሳየው ገላዬ ደስ አለኝ። በሰው አገር ደርቆ የኖረ ገላ ነው፤ አሁን ለራሱም ለልጄም ይበላል።

እትዬ ንግሥቴ ግን ፊታቸውን አጠቆሩ። ወር ከመቁጠር ወደ አስተዳደር የተሻገሩት ያኔ ነው። «ሀዲያ፣ ከአፍሽ ቀንሺ» አሉኝ። «ልጁን እዚያ ውስጥ አታወፍሪው። ገዝፎ መውጫ ያጣል። ወጥቶ ይወፍራል።»

«ወጥቶ ይወፍራል» የእትዬ ንግሥቴ ሕገ መንግሥት ነው። የሰፈሩ ሴት ሁሉ በዚህ ሕግ ወልዳለች። ከስድስተኛው ወር በኋላ ሰሐን ይቀንሳል፣ ወተት ይከለከላል፤ ነጭ ነገር ሁሉ ልጁ ራስ ላይ ይለጠፋል ይላሉ። ሙዝም ነጭ ነው። ለሙዝ ሻጩ ለደሴ ትእዛዝ ሰጡት። «ለሀዲያ እንዳትሸጥላት።» ደሴም፣ ጎልማሳው ሰውዬ፣ ከእኔ ገንዘብ ይልቅ የእሳቸውን ምላስ ፈርቶ «ዛሬ ሙዝ የለም» አለኝ፣ ሙዙ ላይ ተቀምጦ።

«የተቀመጥክበትን ስጠኝ» አልኩት።

ገበያው ሙሉ ነበር። እትዬ ንግሥቴ ከሽንኩርት መደብ አጠገብ ቆመው ያያሉ። እኔም ሙዜን ተቀብዬ ወደ ቤት አልሄድኩም። እዚያው መሐል ገበያ ላይ ቆምኩ፣ ልጣጩን ቀስ ብዬ አወረድኩ፣ ዓይን ዓይናቸውን እያየሁ በላሁት። ከዚያ ሁለተኛውን ላጥኩ። አንዲት ሴት «ያ ረቢ» ስትል ሰማሁ። ሦስተኛው ላይ ጠግቤ ነበር፤ የበላሁት ለክብሬ ነው።

ወደ ሲስተር የሻለም ሄጄ ሁሉንም ነገርኳት። ሚዛን ላይ አወጣችኝ፣ የደም ግፊቴን ለካችኝ፣ ሆዴን ዳሰሰች። «ክብደትሽ የሚገባው ነው፣ ግፊትሽም ጥሩ ነው። እርጉዝ ሴት እንዲያውም በቀን አንድ ጊዜ ጨምራ መብላት አለባት» አለችኝ። ይህን ይዤ በድል ወደ እትዬ ንግሥቴ ሮጥኩ፤ መሮጥ ከተባለ።

«ሲስተር ጨምሪ ብላኛለች።»

«ሲስተር ስንት ወልዳለች?»

«ገና አላገባችም።»

«በይ እንግዲህ» አሉ። ክርክሩ በእሳቸው በኩል ተዘጋ።

ከዚያ ምሳ ሰዓት ላይ መምጣት ጀመሩ። መስፊያ ቤቴ አግዳሚ ላይ ይቀመጣሉ፣ ስለ ብርዱ ያወራሉ፣ ዓይናቸው ግን ሰሐኔ ላይ ነው። እኔም ዓይኔን አልሰብርም፤ እያየኋቸው አኝካለሁ። እንዲህ ስንተያይ ከረምን። አንድ ቀን ግን ገና ግማሹን ሳልበላ እጃቸውን ዘርግተው ሰሐኑን ወደ ዳር ገፉት። «ይበቃሻል» አሉ።

የሆነብኝን መግለጽ ይከብደኛል። የጂዳ ወጥ ቤት ውስጥ ተመልሼ የቆምኩ መሰለኝ። ተነሣሁ። ሆዴ ጠረጴዛውን ገፍቶ ክሩን ሁሉ አፈሰሰው።

«እትዬ ንግሥቴ» አልኳቸው፣ «ማዳሜ እንኳ ከፊቴ ሰሐን አንሥታ አታውቅም። እሷ ብታየኝ እንጀራው የእሷ ነበር። ይሄ እንጀራ የእኔ ነው። አፉም የእኔ ነው፣ ሆዱም የእኔ ነው፣ ውስጡ ያለውም የእኔ ልጅ ነው። እርስዎ ምኔ ነዎት? ስበላ ከሚያዩኝ ደጄን ባይረግጡ ይሻለኛል።»

ሆርሞን ነው ይላሉ ብዬ ጠብቄ ነበር። አላሉም። ጋቢያቸውን ሰበሰቡ፣ ከክሩ አንድ ሁለት አንሥተው ጠረጴዛው ላይ አኖሩልኝ፣ ወጡ። ከዚያ በኋላ አልመጡም። ጠዋት ሲያልፉ በማዶው በኩል ያልፋሉ። ስለ ሆርሞኔ የሚጠይቅ ጠፋ። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር፤ ምሳ ሰዓት ላይ አግዳሚውን ሳየው ግን ደስ አይለኝም ነበር። ይቅርታ ግን አልጠየቅኩም። ደግሜም እላለሁ፣ ሰሐን አይነካም።

ወሬዬን ላሳጥረው፤ ዘጠነኛው ወር ገባና የአሕመድኑር እናት እማ ራሕማ ከሚኖሩበት ከማሻ መጡ። ሊያርሱኝ ነው የመጡት፣ አላህ ይስጣቸው። ረጅም፣ ቀጥ ያሉ፣ ድምፃቸውን ከፍ ሳያደርጉ የሚታዘዙላቸው ሴት ናቸው። ገና እንደገቡ ሆዴን አይተው «ሱብሐነላህ» አሉ፣ ሌላ አልጨመሩም። እኔም አንገቴን ደፋሁ። ከእትዬ ንግሥቴ ጋር እጣላለሁ፤ ከባሌ እናት ጋር ግን እንዴት ብዬ?

በእኛ አገር ሴት ወሯ ሲገባ ጎረቤት ተሰብስቦ ገንፎ ይገነፋላታል። የደጎሎ ገብስ ዱቄት ነው፤ ሴቶቹ ተራ በተራ ያማስላሉ፣ መሐሉን ጎድጉደው ቂቤና በርበሬ ያፈሱበታል፣ ዱዓ ይደረጋል፣ ከእሷ ጋር አብረው ይበላሉ። ምጡ እንዲቀልላት ነው። ለዚህ ጥሪ አያስፈልግም፤ የሰማ ይመጣል። እስላሙም ክርስቲያኑም መጣ። እትዬ ንግሥቴም መጡ። ቂቤ በቅል ይዘው ገቡ፣ ለእማ ራሕማ ሰላምታ ሰጡ፣ ቦታቸው ከጎኔ ሆኖ ሳለ በር አጠገብ ተቀመጡ።

ዱዓው ሆነ። «ፋጡማ ትድረስልሽ» ይላል አንዱ ወገን፣ «ማርያም ትድረስልሽ» ይላል ሌላው፤ ለሁለቱም «አሚን» እንላለን። ገንፎው ቀረበ። ትኩስ ነው፣ ቂቤው ይንቀለቀላል። አንድ ጊዜ ቆርጬ በላሁ። ሁለተኛ በላሁ። ሦስተኛውን ልቆርጥ ስል እማ ራሕማ አንጓዬን ያዙ።

«ይበቃል ልጄ» አሉ ለስለስ ብለው። «እስከ ዛሬ የበላሽው በዛ። አሁን እኔ መጥቻለሁ። እስክትወልጂ በእኔ እጅ ነው የምትበዪው። ልጁ ገዝፎ ቢያጣብቅሽ ማን ሊደርስልሽ ነው?»

ሴቶቹ ሁሉ አንገታቸውን ነቀነቁ። የዚያን ቀን እጄን ብሰበስብ እስክወልድ ድረስ፣ ከዚያም በአራስ ቤት፣ ሰሐኔ የእኔ እንዳልሆነ አውቄያለሁ። እንዳልሰበስብ ደግሞ የባሌ እናት ናቸው፣ ሰው ሁሉ ያያል። ፊቴ ጋለ፣ እንባዬ ግጥም አለ። አገሬ ከገባሁ ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይኔን ሰበርኩ። እጄ ወደ ኋላ ሲመለስ ተሰማኝ።

«እማ ራሕማ፣ እጇን ይልቀቁላት።»

ሁላችንም ወደ በሩ ዞርን።

«ምን አሉ?» አሉ እማ ራሕማ።

«ይልቀቁላት ነው የምልዎት፣ በአክብሮት» አሉ እትዬ ንግሥቴ። «ይህን ሆድ እሷ ሳታውቀው ያወቅሁት እኔ ነኝ። ከመጀመሪያው ጀምሮ የያዝኩት እኔ ነኝ። እርስዎ ትናንት መጡ።»

አንዲት ሴት ሳቋን በነጠላዋ አፈነች። እማ ራሕማ ግን አልሳቁም። «ወጥቶ ይወፍራል የሚሉት እርስዎ አይደሉም እንዴ? ማሻ ድረስ እኮ ተሰምቷል።»

አሁን አለቀልን አልኩ። እትዬ ንግሥቴ መቼም ስሕተታቸውን አያምኑም። ጋቢያቸውን አስተካከሉ። ከዚያ ሰው ሁሉ እያየ እንዲህ አሉ።

«ብያለሁ። እናቴም ብላኛለች፣ አማቴም ብላኛለች፣ እኔም ለሰው ብያለሁ። አምስት ስወልድ አምስቱንም ጊዜ እንዲህ ያለ ገንፎ ቀርቦልኛል። ነካ ነካ አድርጌ እጄን ሰበሰብኩ። ሽታው አንጀቴን እየበላው ሌላ ሰው ሲጎርስ አይ ነበር። ምጤ ቀለለ? አልቀለለም። የማምጥበት ጉልበት አልነበረኝም። የዳሰሰኝ ሰው አጥንቴን ነው የዳሰሰው።» ወደ እኔ ጠቆሙ። «ይቺ ልጅ ገበያ መሐል ቆማ ዓይኔን እያየች ሙዝ በላች። ቤቴ ገባሁና ተናደድኩ። ሰሐኗንም ገፋሁባት። አስቤላት አልነበረም፣ ፈርቼላትም አልነበረም። ቀንቼባት ነው። እኔ እንዲህ መብላት እንደሚቻል አላውቅም ነበር።»

እኔ ወደ እሳቸው ማየት አቃተኝ። ያን ሁሉ ቀን ሰሐኔን የሚያዩት ሊያስቀንሱኝ ነው ብዬ ነበር። ለካ እርቧቸው ነበር።

እማ ራሕማ አንጓዬን እንደያዙ ቆዩ። ከዚያ እጃቸው ላላ። «እኔም የመጨረሻዬን ሳረግዝ» አሉ፣ ለማን እንደሚናገሩ ሳይታወቅ፣ «ጥሬ ገብስ እየሰረቅሁ እቆረጥም ነበር። ከገዛ ጎተራዬ።» ከዚያ አንገታቸውን ወደ በሩ አዞሩ። «ምን እዚያ ያስቀምጥዎታል? ይቅረቡ እንጂ።»

እትዬ ንግሥቴ ተነሡና መጥተው ከጎኔ ተቀመጡ። እጃቸውን ታጠቡ። ቆርጬ አጎረስኳቸው፤ ይቅርታዬም ያው ነበር። ዓይናቸውን ጨፍነው ነው ያኘኩት። ሁለተኛውን ራሳቸው ቆረጡ። እማ ራሕማም ቆረጡ። አንዴ ከጀመሩ በኋላ እነዚያን ሁለት ሴቶች የሚያቆማቸው አልተገኘም፤ ለእኔ የተገነፋውን ገንፎ ለማግኘት እኔ ባለ ወሯ ተሽቀዳድሜ ነው የበላሁት። እማ ራሕማ እስክወልድ ድረስ ሰሐኔን አልነኩም። አንድ ጠዋት እንዲያውም ወተት ይዘው መጡና ሳያዩኝ አስቀምጠውልኝ ወጡ።

ምጡ ቀላል ነበር አልልም። ቀላል ምጥ ያየች ካለች ትንገረኝ። ግን ግፊ ስባል የምገፋበት ጉልበት አላጣሁም። ሴት ልጅ ነች። ሲስተር የሻለም ሚዛን ላይ ስታስቀምጣት ፈገግ አለች። እትዬ ንግሥቴ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ብለው ገቡና ልጄን ከእቅፌ ወስደው ክፍሉ ውስጥ ላለ ሰው ሁሉ አዞሩ። «እዩዋት፣ እግሯን እዩት» ይላሉ፣ እሳቸው ያወፈሯት ይመስል። ዞረው ዞረው ሲመለሱ እኔን ከላይ እስከ ታች አዩኝ። «ሆድሽ ግን አልገባም። ጥብቅ አድርጊና እሰሪው» አሉ። «አላስርም» አልኩ። ሰላም ወረደ፤ እንደ ድሯችን ሆንን።

ሰሞኑን እታገኘሁ የምትባል የታችኛው ሰፈር ልጅ ቀሚሷን ላሰፋላት መጣች። የመጀመሪያዋ ናት፤ ሆዷ ገና ብቅ ማለቱ ነው። ፊቷ ግርጥት ብሏል። እትዬ ንግሥቴ አግዳሚያቸው ላይ ልጄን ታቅፈው ተቀምጠዋል። ልጅቱን አይተው አንገታቸውን ዘንበል አደረጉ፣ «አምስት» አሉ፣ ከዚያ «ምነው ከሳሽ?» አሏት።

«እናቴ ከአፍሽ ቀንሺ ብላኛለች» አለች እታገኘሁ። «እርስዎ ነዎት አሉ ያሏት።»

እትዬ ንግሥቴ ቀጥ ብለው ተቀመጡ። «እኔ? እኔ ንግሥቴ? እርጉዝ ትቀንስ ስል የሰማኝ ማነው? ዕድሜዬን ሙሉ ብሉ፣ ብሉ፣ ስል ነው የኖርኩት። ካላመንሽኝ ሀዲያን ጠይቂያት። በይ ሀዲያ፣ ስነግርሽ አልነበር?»

መቀሴን አስቀመጥኩ። ሙዙ፣ ሰሐኑ፣ የፈሰሰው ክር፣ ሁሉም ምላሴ ጫፍ ላይ መጣ። ሰው የማልፈራ ሴት ነኝ፤ ለማንም ብዬ እውነት አልውጥም። ቀና ብዬ ሳያቸው ግን እሳቸው እኔን አያዩም ነበር። ልጄን አቅፈው መሬት መሬት ያያሉ፣ ጣታቸው የጋቢያቸውን ጫፍ ይፈትላል። ልጅቱ ደግሞ እኔን ትጠብቃለች። ከእኔ አፍ የሚወጣውን ይዛ ወደ እናቷ ልትሄድ ነው።

«እውነታቸውን ነው» አልኳት። «እኔንም ያበሉኝ እሳቸው ናቸው።»

እትዬ ንግሥቴ ቀስ ብለው ቀና አሉ። ልጄን ወደ ሌላው ክንዳቸው አዛወሯት።

«ሰማሽ?» አሏት እታገኘሁን። «ሀዲያ ደግሞ ውሸት አታውቅም።»